ክትባት ጎዳኝ ብሎ መክሰስ፦ ሰው የሚለውና እውነታው

«አሜሪካ በክትባት ተጎዳን ላሉ ሰዎች ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ከፍላለች» የሚል ወሬ ይዞራል፣ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ከቁጥሩ ተነስቶ የሚሰጠው ትንታኔ ግን አብዛኛው ፉርሽ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)

«ካምፓኒዎቹ አይከሰሱም»
ይከሰሳሉ፣ ግን በሩ ጠባብ ነው። በ1986 በወጣው ህግ ለልጆች በመደበኛነት የሚሰጡ ክትባቶች ላይ ክሱ መጀመሪያ የሚሄደው ዋሽንግተን ያለ ልዩ ፍርድ ቤት ነው፣ እዛ ደግሞ ተከሳሹ ፋብሪካው ሳይሆን የጤና ሚኒስትሩ ነው። ውሳኔው ያልተዋጠለት ሰው ትቶት ካምፓኒውን በመደበኛ ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል፣ ሆኖም በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «የክትባቱ ዲዛይን ራሱ ችግር አለበት» የሚለውን ክስ ዘጋው። «በቂ ማስጠንቀቂያ አልሰጣችሁም» የሚለው ክስ ግን አልተዘጋም፣ መርክ የተባለውን መድሃኒት አምራች በጋርዳሲል (የማህጸን በር ካንሰር መከላከያ ክትባቱ) ምክንያት የከሰሱት ይሄንንም ይዘው ሄደው በ2025 ኖርዝ ካሮላይና ላይ ዳኛው ለመርክ ፈረደ።

«ካሳ ከተከፈለማ ክትባቱ መጉዳቱ ተረጋግጧል»
ዋናው ስህተት እዚህ ጋ ነው። ካሳ ካገኙት አብዛኞቹ በድርድር ያለቁ ናቸው፣ መንግስት «ክትባቱ ነው» ሳይል ይከፍላል። የጉዳት ሰንጠረዥ የሚባልም አለ፣ እዛ ላይ ያለ ጉዳት በተባለው ጊዜ ውስጥ ከታየ ሌላ ምክንያት እስካልተገኘ ድረስ የክትባቱ ነው ተብሎ ይያዛል። ትከሻን እንይ፦ መርፌው ጡንቻው ላይ መወጋት ሲገባው ከፍ ብሎ መገጣጠሚያው ጋ ከገባና በ48 ሰአት ውስጥ ህመሙ ጀምሮ ክንድ አልነሳ ካለ ካሳ ያስገኛል፣ የቅርብ ጊዜ ክሶች ብዙዎቹ እኮ እንደዚህ ናቸው፣ ጥፋቱ የአወጋጉ እንጂ የመድሃኒቱ አይደለም። ከባድ ጉዳት የለም እያልኩ አይደለም፣ በ1976 የተሰጠው የአሳማ ጉንፋን ክትባት ከ100,000 ተከታቢ 1 ገደማ ሰው ላይ ከታየ ጊላን ባሬ ከሚባል ነርቭ የሚያሽመደምድ በሽታ ጋር ተያይዟል።

«ክትባት ኦቲዝም እንደሚያመጣ ፍርድ ቤቱ አምኗል»
በፍጹም። ከ5,000 በላይ ቤተሰቦች አቤት ብለው ለናሙና የታዩት መዝገቦች በ2009 እና በ2010 ውድቅ ሆነዋል።

«ጠበቃው ካሳውን ይበላዋል»
ጠበቃው የሚከፈለው ለብቻ ነው፣ ክሱ በቅን ልቦና የቀረበና መነሻ ያለው ከሆነ ተሸንፎም ይከፈለዋል። ገንዘቡ የሚመጣው ክትባቱ በሚከላከለው በእያንዳንዱ በሽታ ልክ ከአንድ ዶዝ ላይ ከሚቆረጥ 75 የአሜሪካ ሳንቲም ታክስ ነው።

«የኮቪድ ክትባትም እዛው ይታያል»
አይታይም፣ ሌላ ፕሮግራም ነው ያለው፣ ማመልከቻው ከተከተቡ በ1 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት፣ ለጠበቃም ለደረሰው ስቃይም የሚከፈል ነገር የለም። «ሰሚ አጣን» የሚሉት ሰዎች እዚህ ላይ እውነታቸውን ነው።