የተዳፈነ እሳት፦ ፋየርፕሌስና የጭስ ማውጫ በሰደድ እሳት አገር

ገጠር ያደገ ሰው እሳት ማዳፈንን ያውቃል። ማታ እራት ተበልቶ ሲያበቃ ፍሙ ተሰብስቦ አመድ ይለብሳል። ጠዋት አመዱ ገለጥ ሲደረግ ፍሙ እዚያው ቀይ ሆኖ ይገኛል፣ ክብሪት አያስፈልግም። ይህን የማነሳው በአሜሪካ ምዕራብ፣ በካሊፎርኒያም ሆነ በኮሎራዶ፣ ፋየርፕሌስ (ግድግዳ ውስጥ የተሠራ ምድጃ) ያለው ቤት ገዝታችሁ ወይም ተከራይታችሁ ለምትኖሩ ነው። አመድ እሳትን አይገድልም፣ ያቆየዋል።

ኦክላንድ የሚኖር አበሻ የ1991ን እሳት ሰምቶ ይሆናል (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ኦክቶበር 19 ቀን ኮረብታው ላይ የሣር እሳት ተነሳ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ተቆጣጠሩት። በማግስቱ ደረቅ ነፋስ ሲነሳ ያው ቦታ እንደገና ተቀጣጠለና 25 ሰው ሞተ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 30 ቀን 2021፣ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከዴንቨር አካባቢ ብዙም በማይርቀው ቦልደር ካውንቲ ማርሻል ፋየር የተባለው እሳት በአንድ ቀን ከ1,000 በላይ ቤት በላ። መርማሪዎች ሁለት መነሻ አገኙ። አንዱ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር የተያያዘ ነው። ሌላው ግን ከ6 ቀን በፊት ተቃጥሎ አፈር የለበሰ የእንጨት ክምር ነበር፤ ነፋሱ አፈሩን ገለጠውና እሳቱ ነቃ።

ሁለቱም የጭስ ማውጫ አደጋዎች አይደሉም። ነገር ግን ከፋየርፕሌስ የተዛቀ አመድ ቤት የሚያቃጥለው በዚሁ መንገድ ነው። እባካችሁ አመድ በወረቀት ከረጢት፣ በካርቶን ወይም በፕላስቲክ ባልዲ አታውጡ። ክዳን ያለው የብረት ባልዲ ያዙ፣ ውሃ ጨምሩበትና አማስሉት፣ ከዚያ ከቤቱም ከእንጨት በረንዳውም ራቅ አድርጋችሁ ባዶ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጡት። ላዩን በእጅ ነክቶ «ቀዝቅዟል» ማለት አይበቃም። ውስጡ ያለው ፍም ለቀናት ሊቆይ ይችላል። የቤት ቫክዩምም ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ አንዲት ፍም ከሳበ ማጣሪያው ይያያዛል።

አሁን ወደ ላይ እንውጣ። ጎጆ ቤት ጣራ ላይ የሚንጠለጠለውን ጥቀርሻ ያየ ሰው የጭስ ማውጫ ውስጥ ያለውን ለመረዳት አይቸገርም። ስሙ ክሪዮሶት ነው። ጭስ ሲወጣ ያልተቃጠለ ሬንጅ መሳይ ነገርና እንፋሎት ይዞ ይወጣል፣ የማውጫው ግድግዳ ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ እዚያው ተለጥፎ ይቀራል። መጀመሪያ ብን ብን የሚል ጥላሸት ነው፣ በብሩሽ ይራገፋል። ሲቆይ ጥቁር ቅርፊት ይሆናል። ሦስተኛው ደረጃ ነው መጥፎው፤ ልክ አስፋልት ቀልጦ እንደፈሰሰ ሆኖ ይደርቅና ይብለጨለጫል፣ ብሩሹም ይንሸራተትበታል። እዚህ ከደረሰ ልዩ መሣሪያ ወይም ኬሚካል ያለው ባለሙያ ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ነዳጅ ነው። ከተያያዘ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፣ የውስጡን ሸክላ ይሰነጥቃል፣ አጠገቡ ያለውን የጣራ እንጨትም ሊያቀጣጥል ይችላል። አንዳንዱ እንደ ባቡር ያጓራል፤ ሌላው ደግሞ ማንም ሳይሰማው ነድዶ ይጠፋና ባለቤቱ የሚያውቀው የጭስ ማውጫ ጠራጊው መጥቶ የተሰነጠቀውን ሸክላ ሲያሳየው ነው። የሚነሳው ፍንጣሪ ደግሞ በነፋስ ቀን ለደረቀ ሣር ይበቃዋል።

ክሪዮሶትን የሚያበዛው ሁለት ነገር ነው፦ እርጥብ እንጨትና የታፈነ አየር። እንጨት ተፈልጦ ቢያንስ 6 ወር፣ ቢቻል ዓመት ይድረቅ፣ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ይሁን። ሁለት ፍልጥ እርስ በርስ ስታጋጩ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ እርጥቡ ድፍን ነው። «እሳቱ ይደር» ብሎ ስቶቩን (የብረት ማገዶ ምድጃውን) አፍኖ መተኛት ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፣ በማግስቱ የሚገኘው ጥቀርሻ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደንብ ቁጥር 211 የጭስ ማውጫ በዓመት አንዴ ይታይ ይላል፣ ብዙ ባትነዱም። ጠራጊው ሲመጣ ምድጃው ፊት ምንጣፍ ያነጥፋል፣ አፉን ይሸፍናል፣ በባትሪ ወይም በካሜራ ወደ ላይ ያያል፣ ከዚያ በረዥም ዘንግ ላይ የታሰረ ብሩሽ ይሰዳል። ዳምፐር ከሚባለው የብረት መዝጊያ በላይ የተጠራቀመውንም ያወጣል፤ ሰው ራሱ ሲጠርግ የሚረሳው እሱን ነው። ጥቀርሻው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ከወፈረ መጠረግ አለበት። በመኸር ሁሉም ስለሚጠራቸው በጸደይ ወይም በበጋ ቀጠሮ መያዝ ይሻላል።

ከላይ ደግሞ ወንፊቱ አለ። የካሊፎርኒያ ሕግ ለሰደድ እሳት በተጋለጡ ቦታዎች የጭስ ማውጫ አናት ላይ ፍንጣሪ የሚይዝ የብረት ወንፊት ያስገድዳል። ቀዳዳው ከግማሽ ኢንች አይሰፋም፣ ከ3/8 ኢንችም አይጠብም። በጣም ከጠበበ በጥላሸት ይደፈንና ጭሱ ወደ ሳሎን ይመለሳል። ዝገት የበላው ወንፊት እንደሌለ ይቆጠራል። ከማውጫው አፍ በ10 ጫማ (3 ሜትር ገደማ) ውስጥ የዛፍ ቅርንጫፍ መኖር የለበትም፣ የማገዶ ክምርም ከቤቱ 30 ጫማ (9 ሜትር ገደማ) ይራቅ። ለክረምት ብለን ግድግዳው ሥር የምንከምረው ማገዶ፣ ሰደድ እሳት ሲመጣ ፍንጣሪው የሚያርፍበት ነው።

በጋዝ የሚነድ ፋየርፕሌስ ክሪዮሶት አያመጣም፣ ግን ማውጫው በወፍ ጎጆ ሊዘጋ ስለሚችል እሱም ይታይ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ለእንጨቱም ለጋዙም ምድጃ ያስፈልጋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ነውና አፍንጫ አያድንም። ነፋስ በበረታበትና የእሳት ማስጠንቀቂያ በወጣበት ቀን ደግሞ ምድጃው ባዶውን ይዋል።

ሰደድ እሳት በአጠገባችሁ ካለፈ፣ ወይም የጭስ ማውጫው ራሱ አንዴ ከነደደ፣ ተራ ምርመራ አይበቃም። በውስጡ በካሜራ፣ ጣራው ሥርም ተገብቶ የሚታየውን ሁለተኛ ደረጃ ምርመራ ጠይቁ። ቤት ሲገዛም እንዲሁ ነው። ውጤቱ እስኪመጣ ክብሪት አይጫር።