የአሜሪካ የማነቃቂያ ክፍያ እና የጥገኞች ድርሻ

አሜሪካ የኢኮኖሚ ቀውስ ሲገጥማት መንግሥት ለየቤቱ የሚልከው ገንዘብ፣ ሕዝቡ «ስቲሙለስ» የሚለው፣ በሕግ ዓይን እርዳታ አይደለም። አስቀድሞ የተከፈለ የግብር ተመላሽ ነው። ልዩነቱ የሕግ አዋቂዎች ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ማን ስንት እንደሚያገኝ የወሰነው እሱ ነው። ገንዘቡ በግብር ሕግ በር ስለሚያልፍ፣ ማን ልጅ እንደሆነ፣ ማንስ ራሱን እንደቻለ የሚበይነው ያው የግብር ሕግ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ሕግ «ጥገኛ» ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ልጅ ነው፦ ከ19 ዓመት በታች፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆነም ከ24 በታች የሆነ፣ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ በአሳዳጊው ቤት የኖረ፣ ከኑሮ ወጪውም ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ራሱ ያልሸፈነ። ጽኑና ዘላቂ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለበትን ልጅ ዕድሜ አይገድበውም። ሁለተኛው በሌላ ሰው ድጋፍ የሚኖር ዘመድ ነው፤ ለምሳሌ በ2020 ገቢዋ ከ4,300 ዶላር በታች የነበረ፣ ከወጪዋም ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ልጇ የሚችልላት አሮጊት እናት። በአማርኛ ቃሉ ተውሳክንም ስለሚያስታውስ ለጆሮ ይከብዳል፤ በአሜሪካ የግብር ቅጽ ላይ ግን ነውር የለበትም፣ ጥገኛውን በግብሩ ላይ ያስመዘገበው ሰው፣ ማለትም አስመዝጋቢው፣ የግብር ቅናሽ የሚያገኝበት ስም ነው።

ችግሩ የመጣው የማነቃቂያ ሕጎቹ ይህን ሰፊ ትርጉም ትተው ጠባቡን በመያዛቸው ነው። በ2008 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የፈረሙት ሕግ ለአንድ ሰው እስከ 600፣ ለባልና ሚስት እስከ 1,200 ዶላር ሰጠ፤ ለልጅ የታሰበው 300 ዶላር ግን ከ17 ዓመት በታች ለሆነ ብቻ ነበር። የዕድሜው ወሰን አዲስ ፈጠራ አልነበረም። በ1997 ከወጣው የልጆች የግብር ቅናሽ ተገልብጦ የመጣ ነው።

ኮቪድ-19 ኢኮኖሚውን ሲያቆመው ኮንግረስ ያንኑ መንገድ ያዘ። ማርች 27 ቀን 2020 የተፈረመው ሕግ ለአዋቂ 1,200፣ ከ17 ዓመት በታች ላለ ልጅ 500 ዶላር ፈቀደ። የነጠላ ሰው ዓመታዊ ገቢ ከ75,000፣ የባልና ሚስት ደግሞ ከ150,000 ዶላር ሲያልፍ ክፍያው በየ100 ዶላሩ 5 ዶላር ይቀንስ ነበር። 17 ዓመት የሞላው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ የ20 ዓመቱ የኮሌጅ ተማሪ፣ በልጁ ቤት የሚጦር ሽማግሌ፣ ጉዳት ያለባት የ40 ዓመት ሴት፣ ሁሉም መሐል ላይ ወደቁ። ለአሳዳጊያቸው 500 ዶላር እንዳያስገኙ «ልጅ» አይደሉም፤ 1,200 ዶላሩን በስማቸው እንዳይወስዱ ደግሞ ጥገኛ ናቸው።

ወላጅ ልጁን በግብር ማስታወቂያው ላይ ሳያስመዘግብ ቢተወውስ? ብዙ ተማሪዎች የሞከሩት ይህንን ነበር፤ አልሠራም። ሕጉ የሚከለክለው የተመዘገበውን ብቻ ሳይሆን ሊመዘገብ የሚችለውንም ነው። ያዋጣው ሌላ መንገድ ነበር። ይህ የመጀመሪያው የኮቪድ ክፍያ ዙርና ቀጥሎ የሚነሣው ሁለተኛው ዙር የ2020 ግብር ተመላሽ ስለነበሩ፣ በ2019 ጥገኛ ሆኖ በ2020 ራሱን የቻለ ወጣት የዚያን ዓመት ግብር ሲያስታውቅ ድርሻውን መጠየቅ ይችል ነበር። በ2020 የተወለደ ሕፃንም እንዲሁ በወላጆቹ ማስታወቂያ ይካተት ነበር። ተለያይተው ልጃቸውን በየዓመቱ እየተፈራረቁ የሚያስመዘግቡ ወላጆች ደግሞ ያልተጠበቀ ሲሳይ አገኙ፦ አንዱ በ2019 ማስታወቂያ መሠረት ከተከፈለው ሌላኛው በ2020 መጠየቅ ይችል ነበር፣ የመጀመሪያውም መልስ አይባልም ነበር።

በዲሴምበር 2020 የወጣው ሁለተኛ ሕግ ለአዋቂም ለልጅም እኩል 600 ዶላር አደረገ፤ የ17 ዓመቱን ወሰን ግን አልነካውም። ወሰኑ የተነሣው ማርች 11 ቀን 2021 ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በፈረሙት ሕግ ነው። ክፍያው በነፍስ ወከፍ 1,400 ዶላር ሆነ፣ ለጥገኛም በማንኛውም ዕድሜ ላይ ቢሆን ተፈቀደ። ለውጡን ለማየት ገቢዋ ከወሰኑ በታች የሆነች፣ የ17 ዓመት ልጇንና እናቷን የምታኖር አንዲት ሴት እናስብ። በመጀመሪያው ዙር 1,200፣ በሁለተኛው 600 ዶላር ያገኘችው ስለ ራሷ ብቻ ነው፤ በሦስተኛው ግን 4,200 ዶላር ደረሳት። ያም ሆኖ የጥገኛው 1,400 የሚላከው ለአስመዝጋቢው እንጂ ለጥገኛው አይደለም። የኮሌጅ ተማሪው የራሱን ድርሻ ለማየት ወላጁን መለመን ነበረበት።

መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው መለያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ ሌላው ወንፊት ነበር። በመጀመሪያው ዙር ከባልና ሚስት አንዱ ቁጥሩ ከሌለው፣ አብረው ግብር ካስታወቁ፣ ከወታደር ቤተሰብ በቀር ሁለቱም ከነልጆቻቸው ቀሩ። የዲሴምበሩ ሕግ ይህን ወደ ኋላ ተመልሶ አስተካከለ፤ በሦስተኛው ዙር ደግሞ ወላጆቹ ቁጥር ባይኖራቸውም ቁጥር ያለው ልጅ 1,400 ዶላሩን ያስገኝ ነበር።

የአገሪቱ የገቢዎች መሥሪያ ቤት በዲሴምበር 2024 የ2021 ግብራቸውን አስታውቀው የሦስተኛውን ዙር ተመላሽ ሳይጠይቁ ለቀሩ 1 ሚሊዮን ያህል ሰዎች፣ በድምሩ 2.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በራሱ አነሳሽነት እንደሚልክ አስታወቀ። ግብራቸውን ጨርሶ ላላስታወቁት የተሰጠው ቀነ ገደብ ኤፕሪል 15 ቀን 2025 ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያልተጠየቀው ገንዘብ በግምጃ ቤቱ ቀርቷል።