ወተቱ ለሕፃኑ ብቻ አይደለም

የእናት ጡት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ የማይፈጨው ነገር አለ። ኦሊጎሳካራይድ ይባላል፤ የስኳር ዘር ነው፣ ከ100 በላይ ዓይነት አለው። ከላክቶስ (የወተት ስኳር) እና ከስብ ቀጥሎ በወተቱ ውስጥ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። ታዲያ ልጁ ካልተጠቀመበት ለማን ተሠራ? አንጀቱ ውስጥ ላሉት ባክቴሪያዎች ነው።

ከእነዚህ መካከል ዋናው ቢፊዶባክቴሪየም ነው። ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው ሄንሪ ቲሲዬ ነው ከመቶ ዓመት በፊት ጡት ከሚጠቡ ሕፃናት ሰገራ ለይቶ ያወጣው። ኢንፋንቲስ የሚባለው ዓይነት ኦሊጎሳካራይዱን ጥርግ አድርጎ ይበላና አሴቴትና ላክቴት የሚባሉ አሲድ ነክ ነገሮች ይለቃል። አንጀቱ ኮምጠጥ ይላል፤ ብዙ በሽታ አምጪ ጀርሞች ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ አይመቻቸውም። ዳይፐር ለቀየረ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፦ ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ሰገራ ቢጫና ለስላሳ ነው፣ ሽታውም እምብዛም አይከረፋም።

የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች ከየት መጡ? በምጥ የተወለደው ልጅ በብዛት ከእናቱ አንጀት ይወስዳቸዋል (አዎ፣ ሲሰሙት ደስ አይልም)። በኦፕሬሽን በተወለደው ላይ ከቆዳና ከሆስፒታል የሚመጡት ይበዛሉ፤ ልዩነቱ ግን በወራት ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። አንቲባዮቲክም ያናጋቸዋል። ሐኪም ካዘዘው ግን መስጠት ነው፣ ክርክር የለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ ይመክራል። ምግብ ሲጀመር አዳዲስ ባክቴሪያዎች ይገባሉ፤ 3 ዓመት አካባቢ ስብስቡ የአዋቂን ይመስላል።

ችግሩ የሚከፋው ልጁ በምግብ እጥረት ሲጎዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የባንግላዴሽ ጥናት በጣም የተጎዱ ልጆች ባክቴሪያ ከዕድሜያቸው ወደኋላ የቀረ መሆኑን አሳየ። የ18 ወር ልጅ ሆኖ አንጀቱ ገና የጨቅላ ነው እንደ ማለት። የሕክምና ምግብ ሲሰጣቸው ባክቴሪያው ትንሽ ይሻሻልና ተመልሶ ወደኋላ ይላል።

ጄፍሪ ጎርደንና ታህሚድ አህመድ የመሯቸው ተመራማሪዎች ታዲያ ባክቴሪያውንም የሚመግብ ምግብ ሠሩ፦ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒና ያልበሰለ ሙዝ። በ2021 ውጤቱ ወጣ። ከተለመደው ማሟያ ምግብ ያነሰ ካሎሪ ነበረው፤ ልጆቹ ግን በእሱ የተሻለ ክብደት ጨመሩ።