ብቸኛ ቁጥርን ስንፈትሽ የት ላይ እናቁም?

ጎንደር ውስጥ ማታ ማታ ልጅ የሚያስጠና ሁሉ ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ቁጥሩ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ እንደሌለው ለማወቅ ለምን እስከ ዳግም ዘሩ (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን እስከሚሰጠው) ብቻ እንሞክራለን? ከዚያ በላይ ያሉትስ?

አፄ ፋሲል ከተማዋን የቆረቆሩበትን 1636 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) እንውሰድ። ሁለት ጊዜ ለ2 ሲካፈል 409 ላይ ይደርሳል። 409ስ? 20 በ20 ሲባዛ 400፣ 21 በ21 ደግሞ 441፤ አለፈ። እንግዲህ 409 የሁለት ቁጥሮች ብዜት ቢሆን ሁለቱም ከ20 ሊበልጡ አይችሉም፤ ቢበልጡማ ብዜታቸው ከ441 አያንስም። ትልቅ አካፋይ ካለው ትንሹ ጓደኛው ከ20 በታች መገኘቱ አይቀርም። 2 ካልገባ 4ም 6ም ስለማይገቡ የሚሞከሩት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17 እና 19 ብቻ ናቸው። ሁሉም ቀሪ ይተዋሉ፤ 17 እንኳ ለ1 ነው የሳተው! በቃ፣ 409 ብቸኛ ነው።

ቁጥሩ ሲገዝፍ ትርፉ ይታያል። 5,882,353 ብቸኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ከ2,425 ማለፍ አያስፈልግም። ይህ ቁጥር ሌላም ጉድ አለው፦ 588 እና 2353 ብላችሁ ቁረጡት፣ እያንዳንዱን በራሱ አባዙ፣ 345,744ን ከ5,536,609 ጋር ደምሩ፤ ያው ራሱ ይመጣል።