ኤርፖድ ላይ የተጻፈው «ኢ ኤን ሲ» የአውቶቡስ ጫጫታ አያጠፋም፣ ሌሎችም የሰለቹኝ ወሬዎች

ደሴ ላይ የሞባይል እቃ እሸጣለሁ። ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት እሮጣለሁ፣ ማታ ደግሞ ጂም አለኝ፣ ስለዚህ ይሄን ጆሮ ውስጥ የሚገባ ነገር በሻጭነትም በተጠቃሚነትም አውቀዋለሁ። እኛ ጋ ሽቦ የሌላት ሁሉ የማንም ካምፓኒ ትሁን «ኤርፖድ» ነው የምትባለው፣ እኔም እንደዛው ነው የምጠራት። የሰለቸኝ ምንድነው፣ ሰው ካርቶን ላይ ያነበበውን ወይ ጓደኛው የነገረውን ይዞ ይመጣል፣ እቃዋ ላይ የሌለ ነገር አለ ብሎ ብሩን ከፍሎ ይሄዳል፣ ከዛ ከሳምንት በኋላ ተናዶ ይመጣል። ብሩ ደግሞ ለፍቶ ያገኘው ብር ነው፣ ያንን ሳይ ያንገበግበኛል።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልጨርሳቸው።

«ብሉቱዙ 5.3 ስለሆነ ድምጹ ይበልጣል»። አይበልጥም። ቁጥሩ ስለ ግንኙነቱና ስለ ባትሪ አጠቃቀሙ ነው፣ ድምጹን የሚወስነው ውስጧ ያለችው ስፒከርና አሰራሯ ነው።

«ኤል ዳክ ያለው ስጠኝ» የሚለኝ ደግሞ አይፎን ይዞ ነው። ኤል ዳክ ማለት ዘፈኑ በብሉቱዝ ሲላክ የሚጨመቅበት አንዱ መንገድ ነው። አይፎን ኤል ዳክ አይደግፍም ወንድሜ፣ ኤ ኤ ሲ የሚባል ሌላ መንገድ ነው የሚጠቀመው፣ ለማትጠቀምበት ነገር ለምን ትከፍላለህ? አንድሮይድ ከያዝክ ሊጠቅምህ ይችላል፣ እሱም ቢሆን ከቴሌግራም የወረደ ተጨምቆ ተጨምቆ ያለቀ ዘፈን ላይ የጠፋውን መልሶ አያመጣም።

«ባትሪው 60 ሰዓት ይሄዳል»። እሱ ከነኬዟ ነው፣ ኬዟ ደጋግማ ስትሞላት ተደምሮ። መጠየቅ ያለብህ አንዴ ጆሮህ ላይ ካደረግካት ስንት ሰዓት ትቆያለች የሚለውን ነው፣ ብዙዎቹ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ናቸው፣ ጫጫታ ማጥፊያው ሲበራ ደግሞ ከዛም ይቀንሳል።

«አይፎን ላይ ምስሏ ብቅ ካለች ኦርጅናል ናት»። የአፕል ኤርፖድ ኮፒዋም ብቅ ትላለች፣ ሲሪያል ቁጥሩም ከእውነተኛ እቃ ላይ ተገልብጦ ይታተማል። ከአይ ኦ ኤስ 16 ጀምሮ ግን ስልኩ ራሱ ትክክለኛ መሆኗን ማረጋገጥ አልቻልኩም ብሎ ያስጠነቅቃል፣ እሱን ማስጠንቀቂያ ዝም ብለህ አትለፈው።

«ብሉቱዝ ጭንቅላት ይጎዳል»። የኤርፖድ ሞገድ ኃይሉ በጥቂት ሚሊዋት የሚቆጠር ነው፣ ጆሮህ ላይ ለጥፈህ ግማሽ ሰዓት የምታወራበት ስልክ ከዛ በብዙ እጥፍ ሊልክ ይችላል። ጆሮህን የሚጎዳው ሌላ ነው፣ እመጣበታለሁ።

አሁን ዋናው። ኢ ኤን ሲ (ENC)።

የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ለስራ ሊሄድ ሲል ለመንገድ ብሎ ኤርፖድ ገዛ፣ ከኔ አይደለም፣ እኔን እንኳን አልጠየቀኝም። ካርቶኑ ላይ በትልቁ ኢ ኤን ሲ ይላል፣ ሻጩም «ጫጫታ ድብን አድርጎ ያጠፋል» ብሎታል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሙሉ ቀን አውቶቡስ ላይ ነህ፣ እሱ ደግሞ የደረሰው ከኋላ ሞተሩ ላይ ያለው ወንበር ነው። ሀረጎን ወርዶ ኮምቦልቻን አልፎ ከሚሴ ሲደርስ ደወለልኝ፣ «ኧረ ይቺ እቃ ምንም አትሰራም፣ ሞተሩ ጭንቅላቴን ሊያፈርሰው ነው፣ ድምጹን እስከ መጨረሻ ጨምሬው እንኳን አልተሻለኝም» አለኝ። እኔ ግን ሞተሩ አጠገብ ተቀምጦ እያወራኝ ድምጹ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማኝ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያወራኝ ነው የሚመስለው። ያኔ ነገሩ ወዲያው ገባኝ፣ እቃዋ ስራዋን እየሰራች ነው፣ ስራዋ ግን እሱ ያሰበው አይደለም።

ኢ ኤን ሲ ማለት ስልክ ስታወራ ማይኩ ያንተን ድምጽ ከአካባቢው ጫጫታ ለይቶ ወደዛኛው ሰው የሚልክበት ነው። የሚጠቀመው የደወልክለት ሰው ነው። አንተ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ጫጫታ ቅንጣት አይነካውም፣ ዘፈን ስትሰማ ምንም ስራ የለውም። አንተ የምትፈልገው ኤ ኤን ሲ (ANC) ነው፣ ጆሮህ ውስጥ የሚገባውን ጫጫታ የሚቀንሰው። አንድ ፊደል ነው ልዩነቱ፣ ያቺን አንድ ፊደል ስንቱ ሳያያት እንደገዛ እኔ ነኝ የማውቀው። ሻጮቹም አንዳንዱ ልዩነቱን ራሱ አያውቀውም፣ አንዳንዱ ግን አውቆ ነው ዝም የሚለው፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ኤ ኤን ሲ እንዴት ነው የሚሰራው፣ በውጭ በኩል ያለችው ትንሽ ማይክ የሚመጣውን ድምጽ ትሰማለች፣ ውስጥ ያለው ቺፕ የዛን ድምጽ ተቃራኒ ሞገድ ይሰራና ጆሮህ ውስጥ ይለቀዋል፣ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ እያለ ይጠፋፋሉ። ሀሳቡ አዲስ አይደለም፣ ፓውል ሉግ የሚባል ጀርመናዊ በ1936 እንደ ፈረንጆቹ አሜሪካ ውስጥ ፓተንት አግኝቶበታል። ከዛ የቦዝ ካምፓኒ መስራች አማር ቦዝ በ1978 ከዙሪክ ቦስተን ሲበር አውሮፕላን ላይ የተሰጠው ማዳመጫ በሞተሩ ጩኸት ምክንያት አላሰማው ሲል እዛው ተቀምጦ ስሌቱን መስራት ጀመረ፣ የመጀመሪያው የሚሸጥ እቃቸው ግን በ1989 ነው የወጣው፣ እሱም ለፓይለቶች። ይሄን የማወራው ለምን መሰላችሁ፣ ነገሩ ከመጀመሪያው የተሰራው ለሞተር ድምጽ ነው። ወፍራም ሆኖ ሳይቆራረጥ ለሚዘልቅ ድምጽ ማለት ነው፣ አውቶቡስ፣ ጀነሬተር፣ ወፍጮ ቤት፣ የጂም ማራገቢያ።

ከዚህ ነው ሁለተኛው ስህተት የሚመጣው፣ «ኤ ኤን ሲ ካለው ምንም አልሰማም»። ትሰማለህ። የረዳቱን ጥሪ ትሰማለህ፣ የህጻን ለቅሶ ትሰማለህ፣ ብረት መሬት ላይ ሲወድቅ ትሰማለህ። ቀጭንና ድንገት የሚመጣ ድምጽ ቺፑ ሊከተለው አይችልም፣ እሱን የሚከለክለው ጆሮህን የደፈነችው ጎማ ናት። ይሄን ሳያውቅ ገዝቶ «ሰው ሲያወራ ይሰማኛል፣ ተበላሽቷል» ብሎ የሚመልስልኝ ሰው አለ፣ አልተበላሸም።

ጎማዋን ካነሳሁ አይቀር፣ ለኔ ከኤ ኤን ሲውም በላይ እሷ ናት ዋናዋ፣ ማንም ግን አይጠይቅባትም። አንድ ቀን አንድ ሀጂ መጡ፣ ልጃቸው ከጅዳ ጥሩ እቃ ልካላቸዋለች፣ ኦርጅናል፣ እኔ እንኳን የማልሸጠው አይነት። «ልጄ» አሉኝ፣ «መንዙማው ይሰማኛል፣ ድቤው ግን የለም። ያለ ድቤ ደግሞ ምን መንዙማ አለ?»። ሳየው ከካርቶኑ እንደወጣ ናት፣ ጎማዋ መካከለኛዋ ናት፣ የሳቸው ጆሮ ደግሞ ሰፊ ነው፣ ትንሽ ራሳቸውን ሲያወዛውዙ ላላ ትላለች። አብሽሩ ሀጂ አልኳቸውና ካርቶኑን አስመጥቼ ትልቋን ጎማ ቀየርኩላቸው፣ ከዛ ጆሯቸውን በአንድ እጅ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ በሌላኛው እጅ ትንሽ ጠምዘዝ እያደረግኩ አስገባሁላቸው። መንዙማውን ከፈትኩት። ዝም አሉ፣ ከዛ ጣታቸው ብቻውን ጠረጴዛዬን መምታት ጀመረ፣ ድም፣ ድም፣ ድቤው መጥቷል። ምንም የቀየርኩት ነገር የለም፣ አንዲት ጎማ ናት። ወፍራሙ ድምጽ ጎማዋ በደንብ ካልደፈነች በክፍተቱ ሾልኮ ይወጣል፣ ኤ ኤን ሲውም በዛው ቀዳዳ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ «ቤዝ የላትም» ብላችሁ እቃ ከመጣላችሁ በፊት ጎማ ቀይሩ፣ ግራና ቀኝ ጆሮ እኩል ላይሆን ይችላል፣ አንዱ ላይ ትንሽ አንዱ ላይ መካከለኛ ማድረግ ነውር አይደለም።

ስፖርት ለምትሰሩ ደግሞ። «ውሃ አያስገባም ተብሏል» የምትሉት ነገር። አይ ፒ ኤክስ 4 ማለት ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃን ትቋቋማለች ማለት ነው፣ ለላብ ይበቃል። አይ ፒ ኤክስ 7 ደግሞ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ። ኤክሷ ለአቧራ አልተፈተነችም ማለት ናት። ግን ሙከራው በንጹህ ውሃ ነው፣ ላብ ጨው አለው፣ ኬዟ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይነት መከላከያ የላትም። ጂም አብራን የምትሰራ ልጅ «አንዷ ቻርጅ አታደርግም» ብላ አመጣችልኝ፣ ኬዟን ስከፍት ቻርጅ የሚያደርጉት ሁለቱ ትንንሽ ነጥቦች አረንጓዴ ሆነዋል፣ ዙሪያው ላይ የደረቀ ጨው አለ። ከስፖርት እንደወጣች በላብ እንደራሰች ነበር ኬዝ ውስጥ የምትከታት፣ በየቀኑ። በደረቅ ጥጥ ቀስ ብዬ ጠራረግኩት፣ እድለኛ ሆና ሰራላት፣ ሁሌ ግን አይሰራም። መጀመሪያ ጥረጉ፣ ትንሽ አናፍሱ፣ ከዛ ክተቱ።

መንገድ ላይ ለምትሮጡ ኤ ኤን ሲ ዋናው መምረጫ መሆን የለበትም፣ ይሄን ስል ሻጭ ሆኜ ሳይሆን ሯጭ ሆኜ ነው። አንደኛ ንፋስ ማይኩ ላይ ሲመታ ራሱ ጫጫታ ይሆናል፣ የጦሳ ተራራን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ፉፉፉ እያለ ጆሮህ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ ጆሮህ ሲደፈን የእግርህ ኮቴና ትንፋሽህ ከውስጥ ዱም ዱም እያለ ይሰማሃል፣ እቃዋ ተበላሽታ አይደለም፣ ማንም ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ ቢራመድ ይሰማዋል። ሶስተኛውና ትልቁ ባጃጅ ነው። የሞተር ድምጽ ነው ኤ ኤን ሲ አንደኛ የሚያጠፋው ብለናል፣ ከኋላህ የሚመጣውም ሞተር ነው። እኔ አንድ ጠዋት ጉም ውስጥ እየሮጥኩ አንዱ ባጃጅ ክርኔን ነክቶኝ እስኪያልፍ አልሰማሁትም፣ ከዛ ቀን ወዲህ አስፋልት ላይ አላበራውም። ወይ የውጭ ድምጽ የሚያስገባውን ትራንስፓረንሲ አብሩ፣ ወይ ጆሮ ቀዳዳ የማይደፍኑትን ግዙ፣ አጥንት ላይ የሚቀመጡትን አይነት። ጂም ውስጥና አውቶቡስ ላይ ግን ኤ ኤን ሲ እንደልባችሁ።

«ኤ ኤን ሲ ጆሮ ያማል» ለምትሉኝ፣ አንዳንድ ሰው እንደ መጠቅጠቅ ይሰማዋል፣ እውነት ነው፣ ግን ጆሮ ውስጥ የተጨመረ የአየር ግፊት የለም። ካልተመቸህ አጥፋው።

ቅድም እመጣበታለሁ ያልኩት ይሄ ነው፣ ጆሮ የሚጎዳው የድምጹ ከፍታና የሰዓቱ ርዝመት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል ላይ በሳምንት 40 ሰዓት ይበቃል ይላል፣ 90 ዴሲቤል ላይ ግን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ። 4 ሰዓት ማለት እኮ ከደሴ ሸዋ ሮቢት አካባቢ መድረሻ ነው፣ የሳምንቱን ኮታ በግማሽ መንገድ ጨረስክ ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ሞተሩን ለመሸፈን እስከ ጥግ ከፍቶት ነው የሄደው፣ ማታ ጆሮው ይጮህ ነበር። ጥሩ ጎማና እውነተኛ ኤ ኤን ሲ ቢኖረው ግማሽ ላይ አድርጎ ይበቃው ነበር። ለዚህ ነው እንዲህ የምጨቃጨቀው፣ የጠፋ የመስማት ችሎታ ተመልሶ አይመጣም።

እንግዲህ ልትገዙ ስትሄዱ ካርቶኑን አስቀምጡትና እንዲህ አድርጉ። የሚጮህ ነገር አጠገብ ቁሙ፣ ፍሪጅም ቢሆን ጀነሬተርም ቢሆን ሞተሩ የበራ መኪናም ቢሆን። ዘፈን አትክፈቱ፣ ዘፈን ከተከፈተ ምኑንም አትለዩትም። ሁለቱንም ጆሯችሁ ላይ አድርጉ፣ ኤ ኤን ሲውን አብሩ፣ አጥፉ፣ አብሩ። ጉርምርምታው ቁልጭ ብሎ ዝቅ ካለ አለ ማለት ነው፣ ምንም ካልተለወጠ ካርቶኑ ላይ ምንም ይጻፍ የለም። ከዛ አናታችሁን አወዛውዙ፣ ዝለሉ፣ አፋችሁን ክፈቱ ዝጉ፣ ላላ ካለች ሌላ ጎማ ጠይቁ። አላስሞክርም የሚል ሻጭ ካለ ተዉት። ከካርቶኑ ጋር የሚመጡትን ትርፍ ጎማዎች ደግሞ አትጣሉ፣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፣ አንዷ መንገድ ላይ የወደቀች ቀን ልኳን ፍለጋ ከተማውን ሙሉ ትዞራላችሁ።