«ቶላዓት»፦ የመዝሙር 22 ትልና የተጫነባት ተረት

ስቅለት በቀረበ ቁጥር ያው ስብከት ይመጣል። በመዝሙር 22፥6 «እኔ ግን ትል ነኝ» ያለው ቃል በዕብራይስጥ «ቶላዓት» ነው፤ ቶላዓት ደግሞ ቀይ ቀለም የሚወጣባት የዛፍ ተባይ ናት፤ ዛፍ ላይ ተጣብቃ፣ ለልጆቿ ደሟን አፍስሳ ትሞትና በ3ኛው ቀን እንደ በረዶ ነጥታ ትረግፋለች ይባላል። ልብ ይነካል። ቃሉ ግን እንዲህ አይልም፣ ተባይዋም እንዲህ አታደርግም።

«ተራ ትል በዕብራይስጥ ‹ሪማ› ነው፣ ቶላዓት ግን ልዩ ናት» ይላሉ ሰባኪዎቹ። ዘጸአት 16ን ይክፈቱ። ቁጥር 20 ላይ ያደረው መና ያፈራው ትል «ቶላዒም» (የቶላዓት ብዙ ቁጥር) ነው፤ ቁጥር 24 ላይ የሰንበቱ መና አልተላም ሲባል «ሪማ» ይላል። ያው መና፣ ያው ትል። የዮናስን ቅል የመታው (4፥7)፣ ወይኑን የሚበላው (ዘዳግም 28፥39)፣ ሬሳ ላይ የማይሞተው (ኢሳይያስ 66፥24) ሁሉ ቶላዓት ነው። ቀይዋ ተባይ እዚያስ ለምን አትገባም?

ቶላዓት ቀለም ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ «ሻኒ» (ደማቅ ቀይ) አብሮት ይመጣል፤ «ቶላዓት ሻኒ»፣ በአማርኛችን ቀይ ግምጃ (ዘጸአት 25፥4)። ኢሳይያስ 1፥18 ላይ አማርኛው «እንደ ደም ብትቀላ» ያለውን ዕብራይስጡ «እንደ ቶላ» (ያው የቶላዓት ቃል በሌላ መልክ) ይላል፤ ቀለም መሆኑን «ብትቀላ» የሚለው ግስ ራሱ ይናገራል። በመዝሙሩ ሻኒም የለ፣ መቅላትም የለ፤ ያለው «በሕዝብ ዘንድ የተናቅሁ» ነው። የግሪኩም ትርጉም፣ የግዕዙም («ዕፄ») ትል ብለው አለፉት።

ሦስቱ ቀናትስ? ተባይዋ ኬርሜስ ትባላለች፤ ሴቷ የኦክ ዛፍ ላይ ተጣብቃ እንደ አተር ፍሬ ትነፋለች። እንቁላሏን ከሥሯ ትጥልና ትሞታለች፤ ደርቆ የቀረው ቅርፊት እንቁላሉን ይከልላል። እስከዚህ ልክ ነው። ጫጩቶቹ ግን የሚመጠምጡት የዛፉን ፈሳሽ እንጂ የእናታቸውን ሥጋ አይደለም። ቅርፊቱም በ3 ቀን በረዶ አይሆንም፣ ደርቆ ይቀመጣል። የዚህ ወገን ተባዮች ሰም መሰል ነጭ ብናኝ ያወጣሉ፤ ግን በሕይወት ሳሉም ያወጣሉ፣ ቀን ቆጥረው አይደለም።

ቀይ ቀለሙም ዛፉ ላይ በራሱ አይፈስም። እንቁላሉ ሳይፈለፈል ሴቶቹ ይለቀማሉ፣ ይደርቃሉ፣ ይፈጫሉ፣ በውኃ ይፈላሉ። ሱፉ አሉም በሚባለው ጨው ካልተነከረ ቀለሙ በአጠባ ይለቃል። መጠኑ ከባድ ነው፤ ለጥቂት ሱፍ ብዙ ተባይ ያልቃል፤ ቀይ ግምጃ ውድ የነበረውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነው፣ በይሁዳ በረሃ ዋሻ የተገኘው ቁራጭ ጨርቅ 1.5 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ 3,800 ዓመት ገደማ ቆይቶም ቀይነቱ ከኬርሜስ መሆኑ ተለይቷል።

«ሐምራዊውም ከዚችው ተባይ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም፤ እሱ ከባሕር ቀንድ አውጣ ነው።