የአኻያ ቁጥቋጦ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አንድ ሰው ማይክ ተቀበለና «የቦርከና ወንዝ ዳር ቁጥቋጦ የወደመ ደን ነው፤ ይመንጠርና ዛፍ ይተከልበት» አለ። ተጨበጨበለት። እኔ እጄን አላነሣሁም። ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ።

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። ቁጥቋጦ ሲባል ተቆርጦ ያቆጠቆጠ፣ ተግጦ የቀረ ነገር ይታየናል። ለአንዳንድ ተዳፋት ልክ ነው። እንደ ቦርከና ባለ ወንዝ ዳር ለሚበቅለው አኻያ ግን አይሆንም። እሱ አጭር የሆነው ማደግ አቅቶት አይደለም፤ ጎርፍ የማይደርስበት ቦታ ላይ ዛፍ ይወጣዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ከደሴ የተነሣ ውኃ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ኮምቦልቻ ይደርሳል። እዚያ መንገድ ላይ የቆመ ግትር ግንድ ይሰበራል። የአኻያ ዘንግ ይተኛል፤ ውኃው ሲያልፍ ይነሣል። ቢገነጠልም የተገነጠለው ቅርንጫፍ ታች እርጥብ ጭቃ ካገኘ ሥር ይሰዳል። ይሄ የወደመ ነው?

ደግሞ አንድ አኻያ ብቻውን የእፅዋት ማኅበረሰብ (አብረው የሚኖሩ እፅዋት ስብስብ) አይባልም። እንደ ቅሬ (ሌላው አገር እድር የሚለው) አስቡት። ቅሬ ማለት የሰፈሩ ሀብታም ማለት አይደለም፤ ጥሩምባ ሲነፋ አብረው የሚወጡት ናቸው። እዚህ ጥሩምባው ጎርፍ ነው። አኻያው ዳሩን ይይዛል፣ ቄጠማው ደለሉን ያስቀራል፣ ፊላው ረግረጉን ይሞላል። ወደ ቆላው ወረድ ሲባል ሾላና ዶቅማ ከኋላ ይቆማሉ። ባሕር ዛፍስ? እሱ መዋጮ ሳይከፍል ለንፍሮው ቀድሞ የሚቀመጠው ሰውዬ ነው። ውኃውን ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላውን እንደልቡ አያበቅልም። (ባሕር ዛፍ ጠላቴ አይደለም። ማገዶም ማገርም እሱ ነው። ቦታው ግን ወንዝ ዳር አይደለም።)

ምሳሌዬ የሚያነክስበት ቦታ አለ። ቅሬ መዝገብ አለው፤ ማን አባል እንደሆነ ይታወቃል። እፅዋት መዝገብ የላቸውም። ኳድራት (በገመድ የተከለለ የመቁጠሪያ ካሬ) ዘርግተን፣ ዓይነቱን ቆጥረን፣ «እዚህ ድረስ የአኻያ ነው» ብለን መስመር የምናሰምረው እኛ ነን። እዚያው ቦታ ሌላ ባለሙያ መስመሩን ሃያ እርምጃ ወዲያ ቢያደርገው ስህተት ነው አልለውም። ግን በ2010 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአገራችን የእፅዋት ካርታ 12 ዋና ዋና ዓይነቶችን ሲለይ፣ የወንዝ ዳር እፅዋት ከእነሱ አንዱ ነው። የደን ቅሪት ተብሎ አልተመዘገበም።

ያ የስብሰባው ሰው «በፈረንጅ አገር አኻያ በረዶ ሲቀልጥ ነው የሚለመልመው» ብሎም ነበር። የዚያ አገር ይሁን። በዓለም ላይ 400 ያህል የአኻያ ዝርያ አለ፣ አብዛኛው የሰሜኑ ብርዳም ምድር ነው። የእኛው ከጥቂቶቹ የአፍሪካ ዘመዶች አንዱ ነው። ለእሱ ቀጠሮ ሰጪው ክረምት እንጂ በረዶ አይደለም።

«እሺ፣ አኻያውን ራሱን እንትከል» ለሚሉ ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። አኻያ ወንዱና ሴቱ የተለያየ ተክል ነው። ከአንድ ቁጥቋጦ 500 ቁራጭ ወስዳችሁ ብትተክሉ፣ 500ውም ወንድ ወይም 500ውም ሴት ነው የሚሆነው። ይለመልማል፣ ፎቶ ይነሣል። በዘር ግን አይተካም። ዘሩም ቢገኝ እንደ ጥጥ በንፋስ የሚበር፣ ዕድሜው በቀናት የሚቆጠር ነገር ነው። ጎርፍ ትቶት የሄደው ባዶ እርጥብ ጭቃ ካላገኘ አይበቅልም። ዳሩ በሲሚንቶ ከተገነባ ይሄ ጭቃ የለም።

ስለዚህ ቁራጩ ከብዙ ቁጥቋጦ፣ ተራርቀው ከበቀሉት ይወሰድ። ቅጠሉን አይቶ ወንድ ነው፣ ሴት ነው የሚላችሁን አትመኑ። የሚለየው በአበባው ነው።